ካባ የለበሰች የዘንባባ አሻንጉሊት



ዛሬ ስለ አሻንጉሊት ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ርዕሱን ስታዩ የልጆች ጉዳይ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ የማነሳት አሻንጉሊት ግን በአብዛኛው የተሠራችው ለጨዋታ ሳይሆን ለገበያ ነው። ትንሿ ከስንዝር ታንሳለች፣ ትልቋ ክንድ ታህላለች። ፊቷ ቡናማ ነው፤ ዓይኗና አፏ በክር ተጠልፈዋል። ከአንገቷ በታች ካባና ሰፊ ቀሚስ ብቻ ነው የሚታየው። እግር የላትም፤ እጅም ብዙውን ጊዜ የላትም። ሠሪዎቿ የሴሚኖል ሴቶች ናቸው፤ አገራቸውም በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ጫፍ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው።

ይህች አሻንጉሊት በመንገድ ዳር መደርደሪያ ለቱሪስት ስለተሸጠች ብዙ ሰው «የማስታወሻ ዕቃ» ብሎ ያልፋታል። እኔ ደግሞ እንዲያውም ለቱሪስት በመሠራቷ ታማኝ የልብስ መዝገብ ሆናለች ባይ ነኝ። መዝገብነቷ የሚያበቃበት ጊዜ አለ፤ እሱን ኋላ አነሳዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴሚኖሎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዛሬዎቹ ጆርጂያና አላባማ ወደ ፍሎሪዳ ከወረዱት ክሪክ ከሚባሉት ሕዝቦችና ከሌሎች ወገኖች ተዋህደው የቆሙ ሕዝብ ናቸው። ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች ተጠግተዋቸው መንደር መሥርተዋል፣ ጎናቸው ተሰልፈውም ተዋግተዋል። የአሜሪካ መንግሥት ሦስት ጊዜ ጦር አዝምቶባቸዋል፦ ከ1817 እስከ 1818፣ ከ1835 እስከ 1842፣ በመጨረሻም ከ1855 እስከ 1858። ከሁሉ የከፋው ሁለተኛው ነበር። በ1830 የወጣው ሕግ ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ወደ ምዕራብ ለማስፈር ያለመ ስለነበር፣ ሴሚኖሎች አንሄድም አሉ። በዚያ ጦርነት 1,500 ገደማ የአሜሪካ ወታደሮች አልቀዋል፤ አብዛኞቹን የገደላቸው በሽታ ነው። ከሴሚኖሎች ብዙዎቹ ተይዘው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ግዛት ተወሰዱ። ጥቂት መቶዎች ብቻ ኤቨርግሌድስና ቢግ ሳይፕረስ በተባሉት ረግረጎች ውስጥ ተሸሸጉ። ዛሬ የምናነሳቸው ሴቶች የእነዚህ የጥቂቶቹ ልጆች ናቸው።

ስለ ልብሳቸው አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። «ባህላዊ ልብስ» ሲባል ከውጭ ዓለም ጋር ያልተነካካ፣ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ ነገር አድርገን ማሰብ ይቀናናል። ለሴሚኖሎች ይህ አይሠራም። ሠዓሊው ጆርጅ ካትሊን በጥር 1838 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በሚገኘው ፎርት ሞልትሪ ምሽግ ገብቶ፣ የእርቅ ባንዲራ ሥር እያለ በተንኮል የተያዘውን ዝነኛ መሪ ኦሲዮላን ሥሎታል። ኦሲዮላ በዚያው ወር እዚያው ምሽግ ውስጥ ሞተ። በሥዕሉ ላይ የለበሰው አበባ የታተመበት የፋብሪካ ጥጥ ሸሚዝ ነው፤ ራሱ ላይ በቀለማት ያሸበረቀ ጥምጣም አለ፣ በጥምጣሙ ላይ ሦስት የሰጎን ላባ ተሰክቷል። ሰጎን የአሜሪካ ወፍ አይደለችም። ላባዋ በነጋዴ እጅ ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሴሚኖል አለባበስ የተሠራው ከገበያ በመጣ ዕቃ ነው፤ ዕቃውን የራሳቸው ያደረገው አሠራራቸው ነው።

በ1880 መጨረሻና በ1881 መጀመሪያ ክሌይ ማካውሊ የተባለ ተመራማሪ ከዋሽንግተን ተልኮ ፍሎሪዳ ገባ። የቆጠራቸው ሴሚኖሎች 208 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ጦርነት በኋላ የተረፈው ሕዝብ ይህ ነበር። ዘገባው በ1887 የታተመ ሲሆን ስለ ሴቶቹ አለባበስ በዝርዝር ይናገራል፦ አጭር ሸሚዝ፣ ረዥም ቀሚስ፣ ከአንገት እስከ ደረት የተደራረበ የብርጭቆ ጨሌ። ስለ ልጆች ጨዋታ በጻፈበት ቦታ ላይም ስለ አሻንጉሊት አንስቷል፤ የጨርቅ ጥቅል፣ ወይም ጨርቅ የተጠቀለለበት እንጨት ነበር የሚጫወቱበት። ልጆቹ ለእሷ ትንሽ ጎጆ ይሠሩና ሰፈር ነው ይላሉ። የዛሬዋ አሻንጉሊት እናት ይህች ናት ለማለት ይቻላል። ካባ፣ ጠለፋና ጨሌ የመጡት ግን ልጅ ስለጠየቀ አልነበረም፤ እናቶች ገንዘብ ሲያስፈልጋቸው ነው።

ገንዘብ ለምን አስፈለጋቸው? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወንዶቹ የአዞ ቆዳና የውሃ ወፎች ላባ እያመጡ ለነጋዴ ይሸጡ ነበር። ፍራንክ ስትራናሃን በ1893 ዛሬ ፎርት ሎደርዴል በሆነው ቦታ መጥቶ ሱቅ ከፈተ፤ ቴድ ስሞልዉድ ደግሞ በ1906 ቾኮሎስኪ ደሴት ላይ። ቤተሰቦቹ ከሳይፕረስ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ እየቀዘፉ መጥተው ሱቁ ደጃፍ ላይ ያድሩ ነበር። ቆዳውንና ላባውን ሰጥተው የሚወስዱት ባሩድ፣ ጨው፣ ጨሌ፣ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ የእጅ መዘውር ያለው የልብስ ስፌት መኪናም ነበረበት። እኛ ሲንጀር የምንለው ዓይነት ማለት ነው። መኪናው መሬት ላይ ወይም ዝቅ ባለ መደብ ላይ ይቀመጣል፣ በአንድ እጅ ይዞራል፣ በሌላው ጨርቁ ይመራል። ግድግዳ በሌለው፣ በዘንባባ ቅጠል በተከደነው ቺኪ በሚሉት መጠለያቸው ውስጥ መብራት አያስፈልገውም። መኪናው በጀልባ ይጫናል፣ ካምፕ ሲለወጥ አብሮ ይሄዳል። ለእንዲህ ዓይነት ኑሮ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ከዚያ ሁለት ነገር ሆነ። የወፍ ላባ ንግድ በሕግ እየተከለከለ መጣ፤ ኒውዮርክ በ1910 ላባ መሸጥ አገደች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይም የፍሎሪዳ ገዢ ናፖሊዮን ቦናፓርት ብራዋርድ ረግረጉን ለማድረቅ ቦዮች ማስቆፈር ጀመሩ። ውሃው ሲሸሽ ታንኳው የሚቀዘፍበት አጣ፣ አዞውም ራቀ። የወንዶቹ ገቢ ነጠፈ። መኪናው ግን ቤት ውስጥ ነበር፣ ጨርቅ መግዣ ሳንቲም ብቻ ነበር የጎደለው። ቤተሰቡን ማስተዳደር ከጠመንጃ ወደ መርፌ ተሸጋገረ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ማያሚ በዚያው ሰሞን የክረምት መዝናኛ ከተማ እየሆነች ነበር። በማያሚ ወንዝ ዳር ኮፒንገርና ሙሳ አይል የተባሉ ቦታዎች ላይ ነጭ ባለቤቶች የሴሚኖል ቤተሰቦችን አምጥተው አሰፈሩ፤ ቱሪስቱ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ሰዎቹ ሲያበስሉ፣ ሲሰፉ፣ ከአዞ ጋር ሲታገሉ ያያል። ለትርኢት ብቻ የሚሞሸሩ ሙሽሮችም ነበሩ። ይህ የሚያሳፍር ገጽ አለው፤ ሰውን እንደ መካነ እንስሳ ማሳየት ነበር። ቤተሰቦቹ ግን ከዚያ ምግብና ሳምንታዊ ገንዘብ ያገኙ ነበር፣ ሴቶቹም የሠሩትን ይሸጡ ነበር። በ1928 ታምፓንና ማያሚን የሚያገናኘው የታሚያሚ መንገድ ረግረጉን አቋርጦ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ቱሪስቱ ራሱ በመኪናው ወደ ካምፖቹ መጣ፤ ቤተሰቦችም በመንገዱ ዳር የራሳቸውን መሸጫ አቆሙ።

አሁን ወደ አሻንጉሊቷ። ሙሉ የሴሚኖል ቀሚስ ብዙ ሥራ ይፈጃል፣ ዋጋውም ከመንገደኛ ኪስ ይበልጣል። አሻንጉሊቷ ግን ከቀሚሱ በተረፈ ቁራጭ ትሠራለች፣ በሻንጣ ትገባለች። የመጀመሪያዎቹ ከእንጨት የተቀረጹ ነበሩ፤ በኋላ ግን የፓልሜቶ ቃጫ ቦታውን ያዘ። ፓልሜቶ በፍሎሪዳ ሞልቶ የሚበቅል የዘንባባ ወገን ነው። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቡናማ፣ እንደ ሻካራ ጨርቅ የተሸመነ የሚመስል ሽፋን አለው። ይህን በገጀራ አንስተው ያደርቁታል፤ ከዚያ በልኩ ቆርጠው እንደ ከረጢት ይሰፉትና በተረፈው ቃጫ ወይም በጥጥ ጠቅጥቀው ይሞሉታል። ራሱ በክር ታስሮ ከአካሉ ይለያል። ከሥሩ ክብ ካርቶን ይገባል፤ አሻንጉሊቷ የምትቆመው በእሱ ነው። ቀሚሷ መሬት ስለሚነካ እግር አያስፈልጋትም፤ ካባዋ ክንዷን ስለሚሸፍን እጅም አያስፈልጋትም። በነጭና በጥቁር ክር ዓይን፣ በቀይ ክር አፍ ይጠለፍላታል። ቡናማው ቃጫ ለፊት ቀለም ይሆናል፤ ማቅለም አያስፈልግም።

ወንድ አሻንጉሊትም አለ፣ ነገር ግን ከሴቷ በጣም ያነሰ ነው የሚገኘው። እሱ እግር አለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰፊ ሸሚዝ ይለብሳል፣ አንዳንዴም ጥምጣም ይጠመጥማል። ለመሥራት የበለጠ ጣጣ አለው።

ልብሱን ከላይ ወደ ታች እንየው። አንገቷ ላይ ጨሌ አለ። እውነተኞቹ ሴቶች በድሮ ጊዜ ጨሌውን እንደ እኛ አንድ ሁለት ፈትል አልነበረም የሚያደርጉት፤ ከልጅነት ጀምሮ እየተጨመረ አገጭ እስኪነካ ይደራረብ ነበር። ክብደቱ በርካታ ኪሎ ይሆናል፤ ማሳ ላይ ሲሠሩም አያወልቁትም። አሻንጉሊቷ ያንን ሁሉ ልትሸከም ስለማትችል ሠሪዋ ጥቂት ፈትል አድርጋ ታሳጥራለች። ይህ ከልብሱ ሁሉ ይበልጥ ያጠረው ክፍል ነው፤ በአሻንጉሊት ብቻ የሚያጠና ሰው የጨሌውን ብዛት አያገኘውም።

ከጨሌው ሥር ካባው አለ። መጀመሪያ ካባ አልነበረም፤ በሸሚዙ ትከሻ ላይ የተሰፋ ሽንሽን ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ያ ሽንሽን ወርዶ ወርዶ ክንድን የሚሸፍን ካባ ሆነ። ቆየት ያሉት አሻንጉሊቶች ላይ አጠር ይላል፣ በኋለኞቹ ላይ እስከ ወገብ ይወርዳል። ጨርቁም ይሳሳል፣ ዳሩም በጥብጣብ ይሸለማል። እንዲህ ዓይነት ለውጥ በዘመኑ ተመራማሪዎች ማስታወሻ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሠሪዋ ግን የራሷ ካባ ሲረዝም የአሻንጉሊቷንም ታስረዝማለች።

ፀጉር ላይ ይበልጥ ግልጽ ነው። ከ1930ዎቹ ገደማ ጀምሮ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ወደ ፊት አምጥተው በጨረቃ ቅርጽ በተቆረጠ ካርቶን ላይ ዘርግተው በመረብ ያስሩት ጀመር። ከሩቅ የባርኔጣ ክንፍ ይመስላል፤ ለዓይን ጥላ ይሆናል። ከዚያ በፊት ፀጉሩ አናት ላይ ተጠቅልሎ ይታሰር ነበር። ስለዚህ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ካርቶን ራሷ ላይ የተሰፋባት አሻንጉሊት ካያችሁ፣ የ1920ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ልትሆን እንደማትችል በድፍረት መናገር ትችላላችሁ።

ቀሚሷ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ሁሉ ዋናው እሱ ነው። የሴሚኖል ቀሚስ ጌጥ ከ1910ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋ የቁርጥራጭ ስፌት ነው። በሀበሻ ቀሚስ ጥበቡ ከድርና ማጉ ጋር አብሮ የሚወጣ የሸማኔ ሥራ ነው፤ የሴሚኖሎቹ ጌጥ ግን ተሸምኖ ያለቀ የፋብሪካ ጨርቅ ተቀዶና ተቆራርጦ እንደገና የሚገጣጠም ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ የጥጥ ጨርቁን በረዥሙ ትቀደዋለች። መቀስ አትመርጥም፤ ሲቀደድ የክሩን መስመር ተከትሎ ቀጥ ይላልና። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቅዳጆችን ጎን ለጎን በመኪና ሰፍታ አንድ ባለ መስመር ጨርቅ ታወጣለች። ከዚያ ያንን ጨርቅ በአግድሙ ትቆራርጠዋለች። አሁን እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስቱንም ቀለም ይዟል። ቁራጮቹን መልሳ ስትገጥም ግን ልክ በልክ አታደርጋቸውም፤ አንዱን ከአንዱ አንድ ደረጃ ዝቅ ታደርጋለች፣ ወይም ትገለብጣለች፣ ወይም ታጋድማለች። ቀጥ ብሎ የነበረው መስመር ሰያፍ ይሆናል፤ ከሰያፉ መብረቅ ይወጣል፣ ወይም ዝናብ፣ ወይም እሳት። የንድፎቹ ስም ራሱ እንዲህ ነው። ዳርና ዳሩ ተስተካክሎ ሲቆረጥ አንድ ረዥም ባለ ጌጥ መቀነት ተገኘ ማለት ነው፤ እሱ ጌጥ በሌላቸው ሰፋፊ ጨርቆች መካከል ይገባል። አንድ ቀሚስ እንዲህ ዓይነት ብዙ ረድፍ አለው፣ በውስጡም በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች። ይህን ሁሉ ከሥር የሚያስይዝ ሌላ ጨርቅ የለም፣ ቁራጮቹ የሚያያዙት እርስ በርሳቸው ብቻ ነው።

ያለ መኪና ይህ አይታሰብም። እዚህ ላይ ነው «መኪና የእጅ ጥበብን ገደለ» የሚለውን የተለመደ ሙሾ አልቀበልም የምለው። በኤቨርግሌድስ መኪና የእጅ ጥበብን ወለደ።

በአሻንጉሊቷ ላይ ግን ችግር ይመጣል። ቀሚሷ ስንዝር በማይሞላበት ቦታ የጌጡ ረድፍ ከጣት ይቀጥናል። በትንሿ አሻንጉሊት ላይ ሠሪዋ ብዙ ጊዜ ቁርጥራጩን ትታ ባለ ቀለም ጥብጣብና ዚግዛግ ጥብጣብ ትደረድራለች፤ በትልቋ ላይ እውነተኛውን ስፌት ታስገባለች። ጠንቃቃ ዓይን ይህን ይለያል። ቀደም ያሉት ንድፎች ተለቅ ያሉና ቀላል ነበሩ፣ እየቆዩ ደቀቁ፣ ተወሳሰቡም። ያ ለውጥ በትልቋ አሻንጉሊት ቀሚስ ላይ ይነበባል።

አንድ ሰው «ለቱሪስት የተሠራ ስለሆነ ቱሪስት የሚወደውን ነው የምታሳየው» ሊለኝ ይችላል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ነገር ግን የግብይቱን ሁኔታ አስቡት። ገዢው አሻንጉሊቷን የሚያነሳው ከሠሪዋ ፊት ነው። ሴትዮዋ መኪናዋን እያዞረች ከአጠገቡ ተቀምጣለች፣ ያንኑ ካባ፣ ያንኑ ጨሌ፣ ያንኑ ፀጉር ይዛ። አሻንጉሊቷ ከእሷ ብትለይ ወዲያው ይታወቃል። ማስረጃዋ አጠገቧ ቁጭ ብላለች። ደግሞም ሠሪዋ አሻንጉሊቷ እሷን እንድትመስል ለማድረግ የተለየ ልፋት አያስፈልጋትም፤ የራሷን ልብስ ቁራጭ ነው የምትጠቀመው።

የገበያው ሰዎች ተጽዕኖ አልነበራቸውም ለማለት ግን አልደፍርም። ከነሱ የሚነሱት ሃሪየት ቤዴል ናቸው፤ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበሩ ሴት። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኤቨርግሌድስ ሲቲ ሚሲዮናቸውን ይዘው ሴቶቹ አሻንጉሊት፣ ቅርጫትና የተሰፋ ልብስ እንዲሠሩ ያበረታቱ ነበር፣ ገበያም ይፈልጉላቸው ነበር። በ1960 ዶና የተባለው አውሎ ነፋስ ሚሲዮኑን እስኪያፈርሰው ድረስ እዚያው ቆዩ። መልካም አደረጉ ማለት ይቻላል። ሌሎች ደግሞ የሚሲዮናዊ ጣልቃ ገብነት ይሉታል። እኔ ቆጥሬ የማስበው ሴቶቹ ያገኙትን ብር ነው።

መዝገብነቷ የሚያበቃበትን ጊዜ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ሴቶቹ በየቀኑ ከሱቅ የተገዛ ልብስ መልበስ ጀመሩ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1957 የፍሎሪዳ ሴሚኖል ጎሳ በፌደራል መንግሥት ዕውቅና አገኘ፣ በ1962 ደግሞ ሚኮሱኪ የተባሉት ወገኖች ለብቻቸው። በ1967 ቤቲ ሜይ ጃምፐር የጎሳው ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ፤ ለዚህ ወንበር የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዚያ ዘመን ፀጉሯን በካርቶን ላይ ዘርግታ ወደ ቢሮ የምትሄድ ወጣት ብዙም አልነበረችም። አሻንጉሊቷ ግን አሁንም ካርቶኗን አልጣለችም፣ ካባዋም አላጠረም። ልብሷ ወደ ኋላ ቀረ፤ የሠሪዋ ልብስ ወደ ፊት ሄደ። ከዚያ ወዲህ አሻንጉሊቷ ዛሬን አትመዘግብም፤ ዛሬ ያሉ ሴቶች ስለ ትናንት ልብስ ምን እንደመረጡ ግን ትናገራለች። ይህን እንደ ውድቀት አላየውም። ለታሪክ ፀሐፊ ግን ልዩነቱ ወሳኝ ነው፤ የ1935 አሻንጉሊትና የ2005 አሻንጉሊት ተመሳሳይ ልብስ ቢለብሱም አንድ ዓይነት ምስክር አይደሉም።

የቁርጥራጭ ስፌቱ ራሱ ግን አልቆመም። በበዓል፣ በምርቃት፣ በጎሳው የልብስ ውድድር ላይ ጃኬትና ቀሚስ ሆኖ ይለበሳል፣ አዳዲስ ንድፍም ይወጣለታል። ይኸው ጎሳ በ1979 ሆሊዉድ በሚባለው መሬቱ ላይ ትልቅ ገንዘብ የሚያስገኝ የቢንጎ አዳራሽ ከፍቶ ለሌሎች ነባር ሕዝቦች መንገድ ከፍቷል፣ በ2007 ደግሞ ሃርድ ሮክ የተባለውን ዓለም አቀፍ ድርጅት በ965 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ይህን ያደረጉት አሻንጉሊት ሸጠው ጨርቅ ይገዙ የነበሩ ሴቶች የልጅ ልጆች ናቸው። ብዙ ገንዘብ ባለበት ቤት አሻንጉሊት መሥራት ለምን እንደቀጠለ ለመጠየቅ ሞክሩ፤ መልሱ የዳቦ ጉዳይ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

በገበያው ላይ ሕግም አለ። በ1990 የወጣው የነባር ሕዝቦች የእጅ ሥራ ሕግ፣ የነባር ሕዝብ ሥራ ያልሆነን ነገር ነው ብሎ መሸጥን ወንጀል ያደርገዋል። ስለዚህ በየአውራ ጎዳናው የሚሸጠው «ሴሚኖል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሁሉ ተመሳሳይ ክብደት የለውም።

ቢግ ሳይፕረስ ውስጥ ጎሳው በ1997 የከፈተው አህ-ታህ-ቲ-ኪ ሙዚየም አለ። እዚያ ያሉት ዕቃዎች የራሳቸው ባለቤቶች በጻፉት መግለጫ ሥር ነው የሚቀመጡት። በሌሎች ብዙ ሙዚየሞች ግን አሻንጉሊቷ «የሴሚኖል፣ ፍሎሪዳ» ተብላ ብቻ ተመዝግባለች። የገዛት ሰው ቱሪስት ነበር፤ ከሠሪዋ ፊት ቆሞ ዋጋ ጠየቀ እንጂ ስም አልጠየቀም። ከመካከላችሁ ፍሎሪዳ የሚሄድ ወይም እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ካለ፣ አንዷን ከሠሪዋ እጅ ከገዛ፣ ስሟን፣ ካምፗን ወይም መንደሯን፣ የሠራችበትንም ዓመት ጠይቆ በካርቶኑ ሥር ይጻፍበት። ሙሉ ስፌቱን ተረድቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ማድረግ ይችላል።